ከሥራ ርቀው ቆይተው ሲመለሱ ዝቅ ያለ ደመወዝ መቀበል፦ ስሌቱ፣ ድርድሩና ውሉ

ልጅ ለማሳደግ፣ ወላጅ ለማስታመም፣ ለትምህርት ወይም በራስ ሕመም ምክንያት ከሥራ ርቆ የቆየ ሰው ሲመለስ፣ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ደመወዝ ብዙ ጊዜ ከቀድሞው ያነሰ ነው። ይህን መቀበል በራሱ ጥፋት የለውም። ጉዳት የሚመጣው ሳያሰሉ እሺ ሲሉ፣ ደመወዙ መቼ እንደሚስተካከል ሳይጻፍ ሲፈርሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከደመወዙ ጋር የሥራ መደቡንም አብረው ዝቅ ሲያደርጉ ነው። ደመወዝ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊስተካከል ይችላል። ዝቅ ያለ መደብ ግን በሥራ ልምድ ደብዳቤዎ ላይ ተጽፎ ይኖራል፣ በሚቀጥለው ማስታወቂያም "ቀጥተኛ አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ" ሲባል ከውድድሩ ያስወጣዎታል።

ይህ መመሪያ በኢትዮጵያ በግል ድርጅት፣ በባንክ ወይም በበጎ አድራጎት ድርጅት ለሚቀጠሩ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ በወጣ ስኬል (የደመወዝ ሠንጠረዥ) የሚከፈል ስለሆነ የድርድሩ ክፍል እዚያ ብዙም አይሠራም፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።

በቅድሚያ፦ ከፈቃድ ነው ወይስ ከሥራ ከወጡ በኋላ የሚመለሱት?

ውልዎ ሳይቋረጥ ከወሊድ ፈቃድ የሚመለሱ ከሆነ ዝቅ ያለ ደመወዝ የመቀበል ግዴታ የለብዎትም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው ከወሊድ በኋላ፣ ሁሉም ከሙሉ ደመወዝ ጋር። በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ ባሉት 4 ወራት፣ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ካልተያያዙ በሕጉ ከተዘረዘሩ ምክንያቶች በቀር፣ አሠሪው ከሥራ ሊያሰናብትዎት አይችልም። ደመወዝዎንም ያለ እርስዎ የጽሑፍ ስምምነት ብቻውን መቀነስ አይችልም። "ቦታሽ ተይዟል፣ ባለው ቦታ ግቢ" ከተባሉ ምንም ነገር ሳይፈርሙ የተባለው በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ።

ውልዎን አቋርጠው የወጡ ከሆነ ግን አዲስ ተቀጣሪ ነዎት። ይህም ሆኖ ወደ ቀድሞ አሠሪዎ፣ ወደዚያው ሥራ ከተመለሱ አዋጁ አንድ ጥቅም ይሰጥዎታል፦ ዳግመኛ የሙከራ ጊዜ ሊጣልብዎት አይችልም። ይህን ብዙ የሰው ኃይል ክፍሎች ይዘነጉታልና እርስዎ ያስታውሱ።

አንደኛ፦ የተጣራውን ከተጣራው ጋር ያወዳድሩ

ሰው የሚያወዳድረው ማስታወቂያ ላይ ያለውን ጥቅል ደመወዝ ነው። እጅ የሚገባው ግን ሌላ ነው። በ2017 በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት የወር ደመወዝ ግብር እንዲህ ይሰላል፦

- እስከ 2,000 ብር፦ ግብር የለውም
- 2,001–4,000፦ 15 በመቶ፣ ተቀናሽ 300
- 4,001–7,000፦ 20 በመቶ፣ ተቀናሽ 500
- 7,001–10,000፦ 25 በመቶ፣ ተቀናሽ 850
- 10,001–14,000፦ 30 በመቶ፣ ተቀናሽ 1,350
- ከ14,000 በላይ፦ 35 በመቶ፣ ተቀናሽ 2,050

ጥቅሉን በመቶኛው አባዝተው ተቀናሹን ይቀንሱ፤ የሚወጣው ግብሩ ነው። ከዚያ ከመነሻ ደመወዙ (አበል ሳይጨመር) ላይ የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ይቀንሱ። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምራል።

20,000 ብር ግብሩ 4,950፣ ጡረታው 1,400፣ እጅ የሚገባው 13,650 ነው። 14,000 ብር ግብሩ 2,850፣ ጡረታው 980፣ እጅ የሚገባው 10,170 ነው። በወረቀት የ6,000 ብር ልዩነት ኪስ ሲደርስ 3,480 ብር ይሆናል። ግብሩ በየደረጃው ስለሚያድግ የደመወዝ ቅናሽ ከሚመስለው ትንሽ ቀለል ይላል።

በሌላ በኩል ደግሞ የማይታይ ቅናሽ አለ። በ2013 በ15,000 ብር ይሠሩ ከነበረ ያኔ በነበረው የግብር ተመን 10,200 ብር እጅዎ ይገባ ነበር። ዛሬ 18,000 ብር ቢሰጥዎት 12,490 ይደርስዎታል፤ የጨመረልዎት ይመስላል። በመካከሉ ግን የኑሮ ውድነቱ አለ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመጣው ለውጥም አለ። ስለዚህ አምስት ነገሮችን ብቻ ወስደው ያወዳድሩ፦ አንድ ኩንታል ጤፍ፣ የቤት ኪራይ፣ የአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዘይትና የታክሲ ታሪፍ። ሥራ ያቆሙበት ጊዜ የተጣራ ደመወዝዎ የእነዚህን ወጪ ስንት እጅ ይሸፍን ነበር? ዛሬ የቀረበልዎት ስንቱን ይሸፍናል? የቅናሹን እውነተኛ መጠን የሚነግርዎት ይህ ነው። "ከበፊቱ ጨምረንልሻል" ለሚል ቀጣሪም መልስዎ ይኸው ነው።

ሁለተኛ፦ ሥራ መሄድ ራሱ የሚያስወጣውን ይቀንሱ

ከአያት ሜክሲኮ በሁለት ታክሲ የሚመላለስ ሰው በቀን አራት ጊዜ ይሳፈራል። ለምሳሌ አንዱ 25 ብር ቢሆን በቀን 100፣ ቅዳሜን ጨምሮ በ24 ቀን 2,400 ብር ነው። ምሳ ከቤት ተቋጥሮ ለሻይ ቡና 50 ብር ቢያወጡ 1,200። ሞግዚት 5,000 ብንል ድምሩ 8,600 ይሆናል፤ ከ10,170ው የሚተርፈው 1,570 ብር ነው። የራስዎን ዋጋ በእነዚህ ቁጥሮች ቦታ ያስገቡ።

እዚህ ላይ ብዙ እናቶችን ከሥራ የሚያስቀር የስሌት ስህተት አለ። የሞግዚቷ ደመወዝ በሙሉ ከእናትየዋ ደመወዝ ይቀነስና "ለሠራተኛ ለመክፈል ነው የምትሠሪው" ይባላል። ልጁ የሁለት ሰው ከሆነ ወጪውም ከሁለቱ ደመወዝ ላይ ነው መሰላት ያለበት። ከላይ ባለው ምሳሌ የሞግዚቷን 5,000 በእኩል ብናካፍለው የሚተርፈው 4,070 ብር ይሆናል። ውይይቱ ከቤተሰብ ጋር መደረግ ያለበት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከተጀመረ በኋላ ጭቅጭቅ ይሆናል።

የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪደርስ ለሚያስፈልገው ገንዘብም ይዘጋጁ። ሞግዚት ቢያንስ ከሁለት ሳምንት ቀደም ብላ መግባት አለባት፤ ልጁ እስኪለምዳት ድረስ እርስዎ ቤት መሆን ስላለብዎት። ከወሩ አጋማሽ በኋላ ከተቀጠሩ ደግሞ በብዙ ድርጅቶች የደመወዝ ሰነዱ ስለተዘጋ ክፍያዎ ወደሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። የሁለት ወር ትራንስፖርትና የሞግዚት ክፍያ በእጅዎ ሳይኖር አይጀምሩ። ወደፊት ይጨመራል በሚል ተስፋ አዲስ ዕቁብ አይግቡ፤ ጭማሪው ሲዘገይ ዕቁቡ አይጠብቅም።

ሦስተኛ፦ በቅናሹ ምን እያገኙ ነው?

የቀረበልዎትን ደመወዝ ከገበያው ዋጋ ይቀንሱና በ12 ያባዙ። ገበያውን ከማስታወቂያ አያገኙትም፤ በዚያው መደብ ላይ ካሉ ሦስት ሰዎች ይጠይቁ። የሚወጣው ቁጥር በዓመት የሚከፍሉት ዋጋ ነው። አሁን ያንን ዋጋ የሚያህል ነገር ይሰጥዎት እንደሆነ ይመልከቱ።

የሚያዋጡ ልውውጦች አሉ። አንዱ በቀድሞ ሙያዎ፣ በቀድሞ መደብዎ የቅርብ ጊዜ ልምድ ማግኘት ነው፤ ቀጣሪ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት አጥብቆ ይጠይቃልና። ሌላው እርስዎ በሌሉበት ጊዜ የተለወጠ ሥርዓት መልመድ ነው። በእጅ ደብተር ይሠራ የነበረ የሒሳብ ባለሙያ ዛሬ ፒችትሪ ወይም ኢአርፒ የሚባሉትን የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ሳይችል ብዙ ቦታ አይቀጠርም፤ ይህን ለአንድ ዓመት እየተከፈለው ቢማር ትርፍ ነው። ባንክ ከሆነ ለሠራተኛ የሚሰጠው ዝቅተኛ ወለድ ያለው የቤት ብድር ከደመወዙ ልዩነት ሊበልጥ ይችላል፤ ከስንት ዓመት አገልግሎት በኋላ እንደሚፈቀድ ግን ሳይጠይቁ አይቁጠሩት። ሰርቪስ መኪና፣ የቤተሰብ ሕክምና ሽፋን፣ ለልጅ ትምህርት ቤት የቀረበ ቦታ፣ ቅዳሜን አለመሥራት፣ እነዚህ በብር ተለውጠው መሰላት የሚችሉ ናቸው።

ቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ወይም መምሪያ ኃላፊ ለነበሩ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አለ። የሥራ መሪዎች በአዋጅ 1156/2011 አይሸፈኑም። ከኃላፊነት ወርደው በባለሙያነት ከገቡ ግን አዋጁ ይሸፍንዎታል፦ የትርፍ ሰዓት ክፍያ በቀን 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5። ከሥራ የመሰናበት ጥበቃውም እንዲሁ። የድሮ ልማድዎ እየጎተተ በነፃ እንዲያመሹ አያድርግዎት።

የማያዋጡትም ግልጽ ናቸው። ዝቅተኛ ደመወዝና የአጭር ጊዜ ኮንትራት አንድ ላይ አይቀበሉ፤ አንዱን ከሰጡ ሌላውን ይያዙ። "ከፊሉን በእጅ እንሰጥሻለን፣ ግብር ውስጥ አናስገባውም" የሚልን አይቀበሉ። ብዙ ማስታወቂያዎች ከግል ድርጅት ለተገኘ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ግብርና ጡረታ ያልተከፈለበት ዓመት እንዳልሠሩ ይቆጠራል፤ ያኔ ዝቅ ብለው የተቀበሉበት ምክንያት ራሱ ይጠፋል።

ዕድሜዎ ወደ 60 የተጠጋ ከሆነ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጡረታ አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። በመጨረሻ ዘመን የተቀበሉት ዝቅ ያለ ደመወዝ አበልዎን ይዞ ይወርዳል። አገልግሎትዎ ገና 10 ዓመት ያልሞላ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ለጡረታ አበል መብት ቢያንስ 10 ዓመት ስለሚያስፈልግ፣ የጎደለውን ዓመት የሚሞላ ሥራ ደመወዙ ቢያንስም ይጠቅማል።

አራተኛ፦ ድርድሩ

ማስታወቂያው ምን እንደሚል ይመልከቱ። "በድርጅቱ ስኬል መሠረት" የሚል ከሆነ ስለ ብር መከራከር ትርፉ ድካም ነው፤ የሚጠየቀው እርከን (በመደቡ ውስጥ ያለው የደመወዝ ደረጃ) ነው። እንዲህ ይበሉ፦ "የመደቡን ደረጃና እርከኖቹን ቢያሳዩኝ፤ የቀድሞ ልምዴ በየትኛው እርከን እንደሚያስገባኝ አብረን ብናይ።" ሁለት ሦስት እርከን ከፍ ብሎ መጀመር ብዙ ቦታ የኃላፊውን ፈቃድ ብቻ ነው የሚፈልገው። "በስምምነት" የሚል ከሆነ ግን ቁጥሩ ክፍት ነው።

"የመጨረሻ ደመወዝሽ ስንት ነበር?" ሲባሉ እውነቱን ይናገሩ፤ በሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ይታያልና። ነገር ግን ዓመቱን አብረው ይጥሩ፦ "በ2013 መጨረሻ 15,000 ነበር፤ ዛሬ በዚያ መደብ የሚከፈለው ግን ከዚህ እስከዚህ ነው።" ዓመቱ ሳይጠራ ቁጥሩ ብቻ ከተነገረ ያረጀው ደመወዝ ጣሪያ ይሆንብዎታል።

ስለ ክፍተቱ ሲጠየቁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ አንዱ ምክንያቱ፣ አንዱ አሁን የተቃለለ መሆኑ። "ልጆቼን ሳሳድግ ነበር፤ አሁን ሁለቱም ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ ቤት የሚረዳኝ ሰው አለ።" ከዚያ በላይ ማስረዳት ይቅርታ መጠየቅ ይመስላል፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ዋጋው ይቀነሳል። ልጅ ማሳደግም ሆነ እናትን ማስታመም ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር አይደለም።

ዝቅ ያለውን ለመቀበል ከወሰኑ የሚሉት ይህ ነው፦ "በዚህ ደመወዝ ለመጀመር ፈቃደኛ ነኝ። መደቡ ሲኒየር አካውንታንት እንዲሆንና 6 ወር ሲሞላኝ ደመወዜ ይህን ያህል እንዲሆን በቅጥር ደብዳቤው ላይ ይጻፍልኝ።" መጀመሪያ መደቡን፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ በመጨረሻ ብሩን ይጠይቁ። አሠሪ ዛሬ ገንዘብ የማያስወጣውን ነገር በቀላሉ ይሰጣል።

አምስተኛ፦ በቅጥር ደብዳቤው ላይ መኖር ያለበት

"አንቺ ግቢ እንጂ ይስተካከላል" የሚለው ቃል የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይደለም። ቃሉን የሰጠው ኃላፊ ይለቅቃል፤ አዲሱ ፋይሉን ይከፍታል፤ ፋይሉ ውስጥ ምንም የለም። ስለዚህ እንዲህ ያለ አንቀጽ ይግባ፦

"ሠራተኛዋ ሥራ ከጀመረችበት ቀን አንሥቶ 6 ወር ሲሞላት የሥራ አፈጻጸም ምዘና ይደረግላታል። ውጤቷ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ አንሥቶ የወር መነሻ ደመወዟ ብር ____ ይሆናል።"

"ሊታይ ይችላል" ወይም "እንደ ድርጅቱ አቅም" የሚል ከተጻፈ ምንም እንዳልተጻፈ ይቁጠሩት። ምዘናውን ማን እንደሚሞላና በምን መስፈርት እንደሆነም ይጠይቁ።

ሌላው ቀጣሪዎች የሚያደርጉት ነገር ከደመወዙ ከፊሉን አበል ማድረግ ነው። 10,000 መነሻ ከ4,000 አበል ጋር እና 14,000 መነሻ በወር መጨረሻ ይቀራረባሉ። የትራንስፖርት አበል እስከተወሰነ መጠን ከግብር ነፃ ስለሆነ የመጀመሪያው እንዲያውም ትንሽ ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን ጡረታ፣ የትርፍ ሰዓትና የስንብት ክፍያ የሚሰሉት በመነሻው ነው፤ የሚቀጥለው ጭማሪም በመቶኛ ሲመጣ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ዝቅ ብሎ ለሚጀምር ሰው ከአበል ይልቅ መነሻው ይሻለዋል።

የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም መብለጥ አይችልም። "የሙከራ 6 ወር" የሚል ካዩ እንዲስተካከል ይጠይቁ። ሥልጠና የሚሰጥዎት ከሆነ ስንት ዓመት ለማገልገል እንደሚያስገድድዎትና ቀድመው ቢለቁ ስንት እንደሚመልሱ ያንብቡ። በዝቅተኛ ደመወዝ ላይ የሦስት ዓመት ግዴታ መፈረም ራስን ማሰር ነው።

ሰነዶቹንም ቀድመው ያሰናዱ፦ ፋይዳ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የጡረታ መለያ ቁጥር፣ የሥራ ልምድና የመልቀቂያ ደብዳቤ። የቀድሞው ድርጅት ተዘግቶ ከሆነ የጡረታ መዋጮ መዝገብዎ የሠሩበትን ጊዜ ያስረዳልዎታል። ገንዘብ ወይም ንብረት የሚረከቡበት ሥራ ከሆነ ደመወዝተኛ ዋስ ይጠየቃሉ፤ ለዓመታት ከቢሮ የራቀ ሰው ደግሞ ዋስ ፍለጋ ላይ ብዙ ቀን ይፈጅበታልና ከቃለ መጠይቁ በፊት ሰው ያነጋግሩ። ከአረብ አገር ተመልሰው የልምድ ደብዳቤ የሌላቸው በምግብ ዝግጅት ወይም በቤት አያያዝ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘና ወስደው የብቃት ማረጋገጫ ቢይዙ፣ ሆቴል ሲገቡ ከጀማሪ ደመወዝ ከፍ ብለው ለመደራደር የሚያሳዩት ወረቀት ይኖራቸዋል።

ስድስተኛ፦ ከገቡ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ 60 የሥራ ቀናት ስለ ደመወዝ አያንሱ። በዚህ ጊዜ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። ሥራዎን ግን ከመጀመሪያው ቀን ይመዝግቡ፤ በየሳምንቱ ዓርብ ሦስት መስመር ይበቃል፦ ምን ጨረስኩ፣ ምን ያህል፣ ማን ተጠቀመበት። "በትጋት ሠርቻለሁ" ማለት ማንንም አያሳምንም። "ለ4 ወር ተጓትቶ የነበረውን የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ ዘግቻለሁ" የሚለው ያሳምናል።

የብዙ ድርጅቶች የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የደመወዝ ጭማሪም አብሮ ይወሰናል። በሰኔ መጨረሻ የሚጠይቅ ሰው በጀቱ ካለቀ በኋላ ነው የደረሰው። ማመልከቻዎ በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት መጀመሪያ ይግባ፤ አንድ ገጽ፣ የቅጥር ደብዳቤው አንቀጽ ከላይ ተጠቅሶ፣ ያከናወኑት ከሥር። ኮፒው ላይ "ደርሶናል" የሚል ማኅተምና ቀን ያስደርጉ። በአንዳንድ ድርጅት ደንብ 6 ወር ያልሞላው ሠራተኛ በዓመታዊው ጭማሪ አይካተትም፤ ከጥር በኋላ የሚቀጠሩ ከሆነ ይህ እንዳይመለከትዎት በደብዳቤው ላይ ማስጻፍ ያለብዎት ያኔውኑ ነው።

የተጻፈው ቀን ደርሶ ካልተከፈለ በጽሑፍ ያስታውሱና 15 ቀን ይጠብቁ። መልሱ "አቅም የለንም" ከሆነና ሌላ ምንም ካልተሰጠዎት፣ ተጨማሪ እርከን፣ የዕረፍት ቀን ወይም የመደብ ለውጥ እንኳ፣ ሌላ ሥራ መፈለግ ይጀምሩ። አሁን የቅርብ ጊዜ ልምድ አለዎት፤ ሲጀምሩ የገዙት እሱን ነው። አዲሱ የቅጥር ደብዳቤ በእጅዎ ሳይገባ ግን መልቀቂያ አያስገቡ። ካስገቡ በኋላ በሕጉ የሚጠበቅብዎት የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ነው። አሠሪው የሠሩትን ሥራ፣ የአገልግሎት ዘመንዎንና ደመወዝዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ያለ ክፍያ ሊሰጥዎት ይገባል። ደብዳቤውን ከቢሮው ሳይወጡ ያንብቡት፦ መደቡ በቅጥር ደብዳቤው እንዳለው ነው ወይ? የጀመሩበትና የለቀቁበት ቀን ትክክል ነው? የሥራ ግብርና ጡረታ መከፈሉ ተጠቅሷል? የጎደለ ካለ እዚያው ያስተካክሉ።